ካርዱን ከመሰካትህ በፊት ቀለበቱን በጣትህ ዙረው

ሰሞኑን ጋራዥ ሳጸዳ የድሮ የኤፍዲዲአይ ካርድ አገኘሁ። ልጄ "ይሄ ምንድነው ዳዲ?" አለኝ፣ ማስረዳት ስጀምር ስልኩን አወጣ። እሱ ካልሰማኝ እንግዲህ እናንተ ስሙኝ።

1996 በፈረንጆቹ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ስሙን የማልጠራው ሦስት ህንጻ ያለው መሥሪያ ቤት። ኤፍዲዲአይ ማለት በፋይበር የሚዞር 100 ሜጋቢት ኔትወርክ ነው፣ ያኔ ተራው ኢተርኔት ገና 10 ላይ ነበር እና ትልቅ ነገር ነው። ሁለት ቀለበት አለው በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩ፣ አንዱ ይሠራል ሌላው ይጠብቃል። ፋይበሩ የሆነ ቦታ ከተበጠሰ ግራና ቀኝ ያሉት መሣሪያዎች ሁለቱን ያገጣጥሟቸውና አንድ ረጅም ቀለበት ይሆናል፣ ተጠቃሚው ምንም ሳያውቅ ሥራው ይቀጥላል። ይሄ "ምንም ሳያውቅ" የሚለው ነው በኋላ ጉድ የሠራኝ።

ሀብ ማለት ፋይበሮቹ የሚገናኙበት ትልቅ ሳጥን ነው፣ ካርዶች ስሎቱ ላይ ይሰካሉ፣ ከኋላ ሁሉንም የምታገናኘው ቦርድ ባክፕሌን ናት። ኬብል ቢሆን በእጅህ እየዳሰስክ ትከተለዋለህ፣ ባክፕሌን ውስጥ ያለው ቀለበት ግን አይታይም። የኛው ሀብ ደሞ ባክፕሌኑ ላይ ከአንድ በላይ ቀለበት ነበረው፣ የትኛው ካርድ የትኛው ላይ እንደሚገባ በኮማንድ ነው የምትነግረው፣ ስለዚህ ጎን ለጎን የተሰኩ ሁለት ካርዶች ጭራሽ ላይተዋወቁ ይችላሉ።

ፖርቶቹም፣ ማለት ፋይበሩ የሚሰካባቸው ቀዳዳዎች፣ የራሳቸው ወግ አላቸው። ዋናው ቀለበት ኤ በሚባለው ይገባል ቢ በሚባለው ይወጣል፣ የአንዱ ኤ ከጎረቤቱ ቢ ጋር ነው የሚጋባው። ኤም የሚባለው ወደ ታች ለኮምፒውተርና ለሰርቨር ነው፣ ኤም ከኤም ጋር ከሰካህ በጭራሽ አይቀበልህም።

እኔ ምን አደረግኩ፣ የኤ ፖርትም የቢ ፖርትም ያለበት አንድ ካርድ ነበረ፣ ወደ ሁለቱ ሌሎች ህንጻዎች የሚሄዱትን ፋይበሮች ሁለቱንም እሱ ላይ ሰካኋቸው። ያምራል፣ ኬብሉ ተሰብስቧል፣ አንድ ስሎት ብቻ ይይዛል። ፋይበር የሚጎትቱልን ጋሼ የምላቸው ሐበሻ ነበሩ፣ አይተውት "አንተ ልጅ፣ ሁለቱንም በር አንድ ግድግዳ ላይ አደረግከው እኮ" አሉኝ። ሳቅኩ።

ከዛ አንድ ቅዳሜ አዲስ ካርድ ለመጨመር ቦታ ላስተካክል ብዬ ያንን ካርድ ለአምስት ደቂቃ ነቀልኩት። ሂሳቤ የኛ ህንጻ ብቻ ይቆረጣል፣ ሁለተኛና ሦስተኛ እርስ በርስ ይቀጥላሉ የሚል ነበር። ሦስቱም ለየብቻ ቀሩ! ለካ በሁለተኛውና በሦስተኛው መሀል ያለው ፋይበር ከላላ ቆይቷል፣ ኔትወርኩ ራሱን ጠምዝዞ በኛ በኩል እየዞረ ሲሠራ ከርሟል፣ ሁለተኛው ህንጻ ያለው ሀብ ላይ ቢጫ መብራት በርቷል፣ ማን አየው? ሰርቨሮቹ ሁሉ እኛ ጋ ናቸው፣ ቅዳሜ የገባው ሰራተኛ በሙሉ ስልክ ላይ ወጣብኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉት ይሄ ነው በቃ።

ሰኞ ወረቀት አወጣሁ። ስሎቶቹን በተርታ ሳልኩና ቶክኑ፣ ማለት ቀለበቱ ላይ እየዞረ ለመሣሪያዎቹ የመላክ ተራ የሚሰጠው ምልክት፣ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በጣቴ እየዞርኩ፣ እያንዳንዱን ካርድ በመዳፌ እየሸፈንኩ "ይሄ ቢነቀል ማን ይቆረጣል" እያልኩ ሄድኩ። ይሄን ማድረግ የነበረብኝ ከመግዛቴ በፊት ነበር። የኤ ፖርቱን አንድ ካርድ ላይ፣ የቢ ፖርቱን ሌላ ካርድ ላይ አደረግኩ፣ ሁለቱንም እዛው ባክፕሌን ቀለበት ላይ፣ አንዱ ቢነቀል በሌላው በኩል ቢያንስ አንድ ህንጻ ይተርፋል። ሰርቨሮቹንም እንደዛው፣ ሁለት እግር፣ ማለት የራሳቸው ኤና ቢ ፖርት፣ ያላቸውን አንዱን እግር አንድ ካርድ ኤም ፖርት ላይ ሌላውን ሌላ ካርድ ኤም ፖርት ላይ፣ በሰርቨሩ ቢ በኩል ያለው ይሠራል የኤው ይጠብቃል። ሁለቱንም እግር አንድ ካርድ ላይ የሚሰኩ ሰዎች አይቻለሁ፣ ለምን ሁለት እንደገዙ አይገባኝም።

ርቀት እኛን አላስቸገረንም፣ መልቲሞድ በሚባለው ለአጭር ርቀት በሚሆን ፋይበር በሁለት መሣሪያ መሀል እስከ 2 ኪሎሜትር ይፈቀዳል፣ የኛ ህንጻዎች በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። ጠቅላላው ግን 200 ኪሎሜትር ነው ሲባል ሰምተህ 200 ኪሎሜትር ዙሪያ እንዳትዘረጋ፣ ሲጠመዘዝ መንገዱ እጥፍ ስለሚሆን ዙሪያው ከ100 ማለፍ የለበትም።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሁሉን ቀያየርኩ፣ እያንዳንዱን ካርድ እየነቀልኩ ሞከርኩ፣ ልክ እንደ ወረቀቱ። ጋሼም አይተው "አሁን ሁለት በር ሆነ" አሉ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ረቡዕ ሌሊት መብራት ጠፋ፣ ሀቡ ሲነሳ ካርዶቹ በሙሉ ወደ ድሮው ቀለበታቸው ተመልሰዋል። ሴቭ አላደረግኩም ነበር።