የአባዬ ቮልስ በባለቤቴ እጅ

ባለቤቴ ቮልሷን ይዞ ሲወጣ ቤት ቁጭ ብዬ ሥራዬን መሥራት ችያለሁ። ለሌላ ሰው ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። ለኔ ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ሳልረሳው ልጻፈው።

መኪናዋ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የ1969 ስሪት ናት። 1300 ቮልስ፣ ቀለሟ ክሬም። ከአባዬ ነው የወረስኳት፣ ሊብሬው ላይ ያለው ስምም አሁን የኔ ነው። ቤታችን ቪትዝም አለች። የቪትዟን ቁልፍ ማን ይዞት እንደወጣ ጠይቄ አላውቅም፣ ከተጫረችም ተጫረች ነው። የቮልሷ ቁልፍ ግን የት እንዳለ ሁልጊዜ አውቃለሁ። ባለቤቴ ይህን ከተጋባን ጀምሮ ያውቃል፤ አንድም ቀን "ስጪኝ" ብሎ አላስጨነቀኝም። እሱ ዝም ባለ ቁጥር እኔ ይበልጥ አስብበት ጀመር። ልጃችንን አምኜው፣ ቤቴን አምኜው፣ ገንዘባችን አንድ ሆኖ፣ መኪናዋ ላይ ስደርስ እጄ የሚታሰረው ለምንድን ነው?

ስስት ነው የሚሉኝ አሉ። አይመስለኝም። ስስት ቢሆን ቪትዟንም እሳሳላት ነበር፤ በዋጋ ከሄድን እሷ ናት ብዙ ያስወጣችን። የቮልሷ ነገር ሌላ ነው። ግማሹ አባዬ ነው፣ ያንን አልክድም። ግማሹ ግን የመኪናዋ ጠባይ ነው፤ ቮልስ ነድቶ የማያውቅ ሰው ያን ግማሹን አይረዳልኝም።

ሞተሯ ከኋላ ነው፣ ውኃ አይገባባትም፣ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። አየሩን የሚገፋውን ማራገቢያ የሚያዞረው ዲናሞውን የሚያዞረው ያው አንዱ ቺንጋ ነው። ቺንጋው ሲበጠስ ዲናሞውም ማራገቢያውም አብረው ይቆማሉ፣ ፊት ለፊት ቀይ መብራት ይበራል። ሌላ መኪና የለመደ ሰው ያንን መብራት ሲያይ ባትሪ አልሞላ አለ ብሎ እስከ ጋራዥ ሊነዳ ይችላል። ቮልስ ላይ እዚያው ዳር ይዞ ማጥፋት ነው። ቤት ልድረስ ካሉ ሞተሩ ግሎ ይነክሳል፣ አለቀ።

አዲስ አበባም የራሷን ትጨምራለች። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሠራው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እጁን ያህል ያጣል። ከለገሃር በቸርችል ወደ ፒያሳ ሲወጣ ማርሹን ቀድሞ መቀነስ ነው እንጂ በሦስተኛ እያቃሰተች መታገል የለም። ከእንጦጦ ወደ ሽሮሜዳ ሲወረድ ደግሞ ሌላ ጣጣ። የኔዋ ፍሬን በአራቱም ጎማ ታምቡር ነው፣ ረግጠውት ከቆዩ ይግላል፣ ሲግል አይይዝም። በሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ ራሱ እንዲይዛት እያደረጉ መውረድ ይሻላል። የኋላ ጎማዎቿም አሠራራቸው የድሮው ዓይነት ነው፤ በፍጥነት ኩርባ ውስጥ ገብቶ ድንገት ነዳጅ የለቀቀ ወይም ፍሬን የረገጠ ሰው ጎማዎቹ ከሥር ተጣጥፈው ኋላዋ ሊያመልጠው ይችላል። ፍጥነት የሚቀነሰው ከኩርባው በፊት ነው። ይህን ሁሉ አባዬ አጠገቤ ተቀምጦ ነው ያስተማረኝ፣ ሳልጨርሰው ወደ ሌላ አያልፍም ነበር።

ሰው ብዙ የማያነሳው የሕግ ነገርም አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2081 መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለንብረቱ ኃላፊ ነው ይላል፣ የነዳው ሰው ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ። መኪናው ተሰርቆ እንደነበር ካስረዳ ነው የሚድነው። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ግዴታ ነው፣ ለተጎጂው ይደርሳል፣ ግን ጣሪያ አለው። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 57 ደግሞ ከጋብቻ በፊት የነበረ ወይም በውርስ የመጣ ንብረት የግል ነው ይላል። ስለዚህ በሕግ ፊት ቮልሷም የኔ ናት፣ አያድርገውና የሚመጣው ጣጣም የኔ ነው። ይህን ለባለቤቴ ቁጭ ብዬ ነግሬዋለሁ። አልከፋውም። "እንግዲያው በደንብ አስተምሪኝ" ነው ያለኝ። የልቤ ቋጠሮ መፈታት የጀመረው ያን ጊዜ ይመስለኛል።

ግን እውነቱን ለመናገር ከሕጉም ከሞተሩም በላይ ያሳሰበኝ የእማዬ ነገር ነው።

አባዬ ቮልሷን ለእማዬ ሰጥቷት አያውቅም። ክፉ ሰው አልነበረም፣ በጣም ነው የሚወዳት። ገበያ ያደርሳታል፣ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳታል፣ ለቅሶ ያደርሳታል፣ በሩን ከፍቶ አስገብቷት ነው ዞሮ የሚገባው። መሪው ግን የሱ ብቻ ነው። እማዬ ወጣት እያለች መንጃ ፈቃድ ላውጣ ብላ ነበር። "እኔ እያለሁ ምን አጥተሽ?" አላት። ፍቅር ነበር፣ እሷም እንደ ፍቅር ነው የወሰደችው። ኋላ አባዬ ታመመ። እኔ ያኔ ለሥራ ሐዋሳ ነበርኩ፣ ወንድሜም ገና ልጅ ነው። እማዬ አባዬን ደግፋ ከቤት ታወጣዋለች፣ ግቢ ውስጥ ጤነኛ ሆና የቆመችውን መኪና አልፈው በር ላይ ታክሲ ይጠብቃሉ። ሆስፒታል በሄዱ ቁጥር እንደዚያ ነበር። አባዬ እያለፈ ኮፈኗን በእጁ መታ መታ ያደርጋት እንደነበር እማዬ ነግራኛለች። ስለ መንጃ ፈቃዱ ግን ሁለቱም ዳግም አላነሱትም።

እሱ ካረፈ በኋላ ቮልሷ ሸራ ለብሳ ለዓመታት ቆመች። ተመልሼ ሸራውን ስገልጠው ቤንዚኑ ካርቡሬተሩ ውስጥ ደርቆ ሙጫ ሆኗል። የፍሬን ሲሊንደሮቹ ተጣብቀዋል፣ አይጥ ሽቦውን ቀርጥፎታል። ቮልስ ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ አሲዱ ፈስሶ የወለሉን ላሜራ በልቶት መሬቱ ይታይ ነበር። መካኒካችን ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ዙሪያዋን አዩና "ይቺን የገደላት መንገድ አይደለም፣ መቆም ነው" አሉኝ። ባትላሜራው ወለሉን ቆርጦ አዲስ በየደ። ሶማሌ ተራ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አልቆጠርኩትም። ሜክሲኮ ፑዌብላ የነበረው ፋብሪካ የመጨረሻዋን ቮልስ ያወጣው በ2003 ነው፣ በፈረንጆቹ። እንደ እድል ሆኖ በዓለም ዙሪያ ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተሠሩ ዕቃ የሚያመርትላቸው እስካሁን አልጠፋም፤ ትዕግሥት ላለው ሰው ይገኛል።

ታዲያ እሷን እያስጠገንኩ አንድ ነገር ነበር የሚከነክነኝ። መኪናዋን የሚያውቃት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱ ሲወድቅ አብራው ወደቀች። እኔም ቁልፉን ይዤ ብቀመጥ ያው ነው የሚሆነው። ታምሜ ብተኛ ባለቤቴ ቮልሷን አልፎ በር ላይ ታክሲ ሲጠብቅልኝ ታየኝ። እሷን መጠበቅ ማለት ይህ ከሆነ አልፈልገውም አልኩ።

ትምህርቱን ከግቢ ጀመርን። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የኋላውን ኮፈን ከፍተን በ21 ቁልፍና በካቻቪቴ ቺንጋውን አውልቆ እንዲመልስ አደረግኩት፣ ዓይኑ እስኪለምደው። ሲያስገባው በአውራ ጣት ተጭኖ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል መርገብ አለበት፤ ከዚያ ከጠበቀ የዲናሞውን ኩሽኔታ ይበላል፣ ከላላ ይንሸራተታል። መለዋወጫው ቺንጋ የት እንደሚቀመጥ አሳየሁት። ሞተሯ የሚይዘው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው፣ ስለዚህ ግማሽ ሊትር መጉደል ለሷ ብዙ ነው፣ ረጅም መንገድ ከመውጣት በፊት ማየት ግድ ነው። የቤንዚን ሽታ ከሸተተው ምንም ሳይል አቁሞ የቤንዚኑን የጎማ ቱቦ እንዲያይ። ብዙ ቮልስ የተቃጠለው በዚያች በተሰነጠቀች ቱቦ ነው። ይህንን ደጋግሜ ነው የነገርኩት፣ እስኪሰለቸው።

የጎማ ነፋስ ደግሞ አለ። ክብደቷ ኋላ ስለሆነ የፊቱ 18፣ የኋላው 27 አካባቢ ነው የሚሞላው። ጎሚስታ ዝም ካሉት አራቱንም እኩል ሞልቶ ይሸኛል፣ ከዚያ መሪዋ ይቀልና አስፋልት ላይ ትዋልላለች። ባለቤቴ ሰው መናገር የሚከብደው ዓይነት ነው፣ ዓይን አፋር ነገር ነው። አንድ ቀን ጎሚስታ ጋ ቆሞ "አይ ወንድሜ፣ የፊቱን ቀንስልኝ" ሲል ስሰማው እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ማርሹን ቶሎ ለመደው። መጀመሪያ ሰሞን አንደኛና ሁለተኛ ላይ ያፋጨው ነበር፣ ፍሪሲዮኑንም ይለቅባታል። የኋላ ማርሿን ለማስገባት ዘንጉን ወደ ታች መጫን እንዳለበት ለመልመድ ትንሽ ፈጅቶበታል። ይህ ግን ማንም የሚያልፍበት ነው፣ ብዙም አልተሰማኝም።

የተሰማኝ ወንበሩ ነው።

አባዬ አጭር አልነበረም፣ እኔ ግን አጭር ነኝ። ቮልሷን ከተረከብኩ ጀምሮ ወንበሩን ወደ ፊት ስቤው አላውቅም። ጀርባዬ ላይ ትራስ አድርጌ ነው የምነዳት፣ እሱ የተወው ቦታ ላይ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ለባለቤቴም። እሱ ደግሞ ከአባዬ ይረዝማል። መጀመሪያ ቀን መሪው ጉልበቱን ሲነካው እጁን ወደ ታች ሰዶ ማንሻዋን ፈለገ፤ ከዚያ ፊቴን አየና እጁን መለሰ። "ይሁን፣ እችላለሁ" አለኝ። በዚያ ሁኔታ፣ ጉልበቱ መሪው ላይ እየተጋጨ፣ ሰፈራችንን አንድ ጊዜ ዞረን መጣን። በሰላም ፍሬን መርገጥ እንኳ አይመቸውም ነበር። ግቢ ገብተን ስንቆም ማንሻዋን ራሴ ሳብኩና ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋሁት። ድምፅ አውጥታ ሄደች፣ ለዓመታት አልተንቀሳቀሰችማ። አለቀስኩ። ሞተሩ ቢበላሽ እንደዚያ የማለቅስ አይመስለኝም። ባለቤቴ አንድም ቃል ሳይናገር ጠበቀኝ።

አሁን ወንበሩ ሁለት ቦታ አለው፣ የኔና የሱ። እኔ ስነዳ ወደ ፊት እስበዋለሁ፣ ትራሱን ትቼዋለሁ። ለካ እስከዛሬ ፍሪሲዮኑን በጣቴ ጫፍ ነበር የምረግጠው፣ ወገቤንም ያመኝ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ብቻውን ቢሾፍቱ ደርሶ መጣ። ፈጣን መንገዱን ትቶ በአሮጌው መንገድ ነው የሄደው፣ እኔ ሳልነግረው። ከባድ መኪኖች በ100 ሲያልፏት ነፋሳቸው እንደሚገፋት አስቦ ነው። ሲመለስ ሰላም ከማለቱ በፊት "ቫልቭ የሚመስል ነገር ይንኳኳል፣ ከቀኝ በኩል" አለኝ። ሄጄ ሰማሁት። እውነቱን ነው፣ እኔ ያላወቅኩት ድምፅ ነበር። እሑድ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ከፍተን ለካነው፤ 0.15 ሚሊ ሜትር መሆን የነበረበት አንዱ ሰፍቷል። እሱ የእጅ ባትሪውን ይዞ አበራልኝ፣ እኔ አስተካከልኩት። የሚቀጥለውን ራሱ ያስተካክለዋል፣ ተነጋግረናል።

እማዬም አንድ ቀን ከባለቤቴ ጋር በቮልሷ ገዳም ደርሳ መጥታለች። ስትመጣ ስለ መንገዱ ብዙ አላወራችም። "ልጅሽ ስታድግ ቀድማ መንጃ ፈቃዷን ታውጣ" ብቻ ነው ያለችኝ። ልጃችን ገና እግሯ አይደርስም፤ ግን የቀይ መብራቷን ነገር ከወዲሁ ታውቃለች፣ "ሲበራ እናጠፋለን" ትላለች።

ወንድሜ ነው የቀረው። ለባለቤቴ ሰጥቼ ለሱ መከልከሌ አናዶታል። የአባቴ መኪና ናት ይለኛል፣ እውነቱን ነው፣ የድርሻውን ከፍዬ ብወስዳትም አባትነቱ አይከፈልም። በ2016 የቤንዚን የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ "ዋጋዋ ስለጨመረ ነው የሳሳሽው" ማለት ጀምሯል። አይደለም። አብሬው ስሄድ አይቼዋለሁ፤ ኩርባ ውስጥ ነው ፍሬን የሚይዘው፣ ቪትዟንም ሲነዳ እንደዚያው ነው። ይህንን ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ይምጣ፣ ቺንጋውን አውልቆ ይመልስ፣ ከዚያ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ከእንጦጦ በሁለተኛ ማርሽ ያውርደኝ። ኩርባዎቹን ከመግባቱ በፊት ከቀነሰ ቁልፉን እዚያው ሽሮሜዳ እሰጠዋለሁ። እስካሁን አልመጣም።