በደርግ ጊዜ የተሞላ ጥርስ

ዛሬ ጎንደር ፒያሳ፣ ጥርስ ክሊኒክ ወረፋ ይዤ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አንዲት እናት ዶክተሩን «ይህን የጥርሴን ጥቁር ሙሌት አውጣልኝ፤ ሜርኩሪ አለው፣ መርዝ ነው ብላኛለች ልጄ» ይሉታል።

ዶክተሩ በመስታወቱ አየት አደረገው።

«መቼ አስሞሉት እማማ?»

«በደርግ ጊዜ!»

እስካሁን ቆሎ ይቆረጥሙበታል! ሽንብራ ሳይቀር።

ልጅቷ አልዋሸችም። የአማልጋም፣ ማለትም የዚህ ጥቁር ሙሌት፣ ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው፤ ቀሪው ብር፣ ቆርቆሮና መዳብ። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ፣ ሐኪም የግድ ካላለ በቀር፣ ከልክሎታል። ግን ደህና የተቀመጠውን መቦርቦር ራሱ የሜርኩሪ ትነት ያስነሳል።

«ካልተሰነጠቀ አልነካውም» አላቸው። ገንዘብ የሚያስገባለትን ሥራ እምቢ ማለቱ፣ በዚህ ዘመን፣ ገረመኝ።

የኔን በነጩ ሞላልኝ። ዋጋውን ግን አትጠይቁኝ።