ዲግሪ ሞልቶ ሞተር የሚያስነሳ ስናጣ

የጥገና ክፍል ኃላፊ የሆንኩ ሰሞን አንድ የኤሌክትሪክ ቴክኒሻን ቦታ ክፍት ነበር። «ዲግሪና አምስት ዓመት ልምድ» ብለን ማስታወቂያ አወጣን። ሲቪው ጎረፈ። የቀጠርነው ልጅ ቃለ መጠይቁን አንበልብሎት ነበር፤ ሞተር ሲቆም ግን እሱም አብሮን ቆሞ ያያል። አልፈርድበትም፤ የተማረው ለሌላ ሥራ ነው። ብዙም ሳይቆይ ለቀቀ።

«የሰለጠነ ሰው ጠፋ» እያልኩ ስማረር ከረምኩ። በሁለተኛው ዙር ዲግሪ የሚለውን ሰረዝኩት። በቃለ መጠይቁ ፈንታ አንድ ባለሦስት ፌዝ ሞተር (በሦስት የኤሌክትሪክ መስመር የሚሠራ) አቀረብኩና አንዱን ፊውዝ በተቃጠለ ቀየርኩት። ሞተሩ ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም። አንዷ ተፈታኝ ድምፁን እንደሰማች «ያጥፉት፣ ይቃጠላል!» ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ለካች። ችግሩን ለማግኘት አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። ያላት የሁለት ዓመት የሙያ ሥልጠና ነው። በድሮው ማስታወቂያ ቢሆን ሲቪዋን ገልጬም አላየው።

መካከለኛ ሙያ የሚባለው ይኼ ነው፦ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ፣ ከዲግሪ በታች ሥልጠና የሚጠይቅ። ኮምፒውተር ጠራርጎ በላው ሲባል እሰማለሁ። ግማሽ እውነት ነው። ኢኮኖሚስቱ ዴቪድ ኦተርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳሳዩት፣ ማሽኑ የሚተካው ደረጃ በደረጃ ሊጻፍ የሚችለውን ተደጋጋሚ ሥራ ነው። መዝገብ የሚሞላ ጸሐፊ ቦታው ጠበበ። የሞተር ድምፅ ሰምቶ የሚደነግጥ ሰው ግን ዛሬም ይፈለጋል።

ትልቁን ስህተት የሠራሁት ከዚያ በኋላ ነው። የደመወዝ እርከናችን የሚቆጥረው ዲግሪን ስለነበር ልጅቷን ከታች አስቀመጥናት። በዓመት ከመንፈቋ ሌላ ድርጅት ወሰዳት። ደንግጠን ደመወዙን ከፍ አደረግን። አመልካች መጣ፤ ግን ሁሉም ከሌላ ቦታ የሚለቅ ነው። እኛ ጋ ሲሞላ እዚያ ይጎድላል። ደመወዝ ዛሬ ቢጨምር ቴክኒሻን ነገ አይበቅልም፤ ሠልጥኖ እጁ እስኪፈታ ዓመታት ይወስዳል።

አሁን በየዓመቱ ሁለት ጀማሪ እንይዛለን። ከነባር ባለሙያ ጎን ይሠራሉ። የመጀመሪያዎቹ ወራት አሰልቺ ናቸው፤ ነባሩ ሥራው ይጓተትበታል፣ ፋይናንስ ክፍሉም ያጉረመርማል (እንደ ሞተሩ)። ሲጨርሱ የሚያገኙት ደመወዝ ግን ከመጀመሪያው ቀን ውላቸው ላይ ተጽፏል።