ነጭ ለብሶ የሚያርሰው ሰው

ከሉክሶር በጠዋት ጀልባ ተሳፍሬ ዓባይን ወደ ምዕራብ ተሻገርኩ። የጥንት ግብፃውያንም ሬሳ ይዘው በዚሁ በኩል ይሻገሩ ነበር። ፀሐይ የምትጠልቅበት ምዕራብ ለእነሱ የሙታን አገር ነው።

ጎብኚው ሁሉ ወደ ነገሥታቱ ሸለቆ ይጣደፋል። እኔ ዴር ኤል መዲና ወረድኩ። የፈርዖኖቹን መቃብር የሚፈለፍሉና የሚስሉ ሠራተኞች መንደር ነው። ከእነሱ አንዱ ሰንነጅም ይባላል፤ ከኖረ ከ3,200 ዓመት በላይ ሆኖታል። መቃብሩ በ1886 እ.ኤ.አ. ሳይዘረፍ ነው የተገኘው።

ጎንበስ ብዬ ወደ ውስጥ ወረድኩ። ክፍሏ ትንሽ ናት፤ ቀለሙ ግን ትናንት የተቀባ ነው የሚመስለው። ሰንነጅም በሬ ጠምዶ ያርሳል። ሚስቱ ኢይነፈርቲ ከኋላው ዘር ትበትናለች። ስንዴ ያጭዳሉ፣ ተልባ ይነቅላሉ። ሁለቱም ነጭ በነጭ ለብሰዋል! ለእርሻ ማን እንዲህ ይለብሳል? ማሳው ግን የዚህ ዓለም አይደለም። ኢያሩ የሚሉት፣ ዙሪያውን ውኃ የከበበው የወዲያኛው ዓለም እርሻ ነው። ግብፃውያን ሞትን ሲያስቡ የኖሩ ሕዝቦች ናቸው ሲባል እሰማለሁ። እኔ ያየሁት ግን ኑሮውን ከመውደዱ የተነሳ እዚያም ከሚስቱ ጋር ማረስ የፈለገ ሰው ነው።

ተልባው ላይ ዓይኔ ቀረ። እኛ ፍሬውን ቆልተን እንጠጣዋለን። እነሱ ከአገዳው ጨርቅ ይሠሩ ነበር፤ ሬሳም የሚገንዙት በዚያው ነው።

በሌላው ግድግዳ የቀበሮ ራስ ያለው አኑቢስ አልጋ ላይ በተጋደመው ሬሳ ላይ አጎንብሷል። ደህና አቅም ላለው ሰው ግንዘቱ እስከ 70 ቀን ይፈጅ ነበር። አንጎሉን በአፍንጫ ያወጡታል። ጉበት፣ ሳንባ፣ ጨጓራና አንጀቱን ለይተው ያስቀምጣሉ። ገላውን ናትሮን በሚባል ጨው ያደርቁታል። ልቡን ግን እዚያው ይተዉታል። በፍርድ ቀን ከእውነት ላባ ጋር የሚመዘነው እሱ ነዋ! ልቡ ከከበደ አሚት የምትባል አውሬ ትውጠዋለች፤ ከዚያ ወዲያ ሕይወት የለም። የበላዔ ሰብእን ሥዕል ቤተ ክርስቲያን እያየሁ ስላደግሁ ሚዛኑ እንግዳ አልሆነብኝም።

ስወጣ ፀሐዩ ከርሯል። የሰንነጅም ቤት መሠረት እዚያው ከመቃብሩ በታች ይታያል። ተራራውን ተሻግሮ የንጉሡን መቃብር ሲሠራ ይሰነብትና ወደዚህ ይመለሳል። ከደጁ ሲወጣ የራሱ መቃብር ፊት ለፊቱ ነው።