መቀሱ ይቀመጥ

ዛሬ ጠዋት ነፋሱ ተቀይሯል። ብርድ ለማለት ገና ነው፤ ግን የደረቀ ቅጠል ሽታ ይዞ ነው የሚመጣው። እንዲህ ባለ ጠዋት ምን እንደሚነሣብኝ ታውቃላችሁ፤ ሁሉን ቆርጦ፣ ሁሉን ጠርጎ ጓሮውን እንደ ሳሎን ማሰናዳት። የፒሩ ዛፍ ፍሬ ደርሶ እንደሆነ ልይ ብዬ ነበር የተነሣሁት። እጄ ግን ቀድሞ ያነሣው የመግረዣውን መቀስ ነው።

መጸው ሲገባ ደግሞ ዛፍ የሚገረዝበት ጊዜ አይደለም። ቅርንጫፍ ሲቆረጥ ከቁርጡ በታች ያሉት እምቡጦች ይነቃሉ። አሁን የነቃ እምቡጥ የሚያወጣው ቀንበጥ ለጋ ነው፤ ጠንክሮ እንጨት ሳይሆን ውርጭ ይደርስበትና ጠቁሮ ይቀራል። የዛፉ ዕድገት እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ ቁስሉም ቶሎ አይሽርም፤ የፈንገስ ብናኝ ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ዝም አይልም። ፖምና ፒር ቅጠላቸውን ጨርሰው አራግፈው፣ ብርዱ ሊያበቃ ሲል ቢገረዙ ይሻላል። ፕለምና ቼሪ ግን ያኔም አይገረዙም፤ እነሱ የሚነኩት ቅጠል ለብሰው ሳሉ፣ አየሩ ሞቃትና ደረቅ ሲሆን ነው። በእርጥብ ወቅት ከቆሰሉ ቅጠላቸውን ብርማ የሚያደርገው ፈንገስ በቁስሉ ይገባል። በማንኛውም ጊዜ የሚነሣው የሞተ፣ የተሰበረ ወይም የታመመ ቅርንጫፍ ብቻ ነው።

ትኩስ ፍግና ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያም እንደ መቀሱ ናቸው፤ ሊተኛ ያዛጋውን ዛፍ ይቀሰቅሳሉ። ይቆዩ።

የመጥረግ ሱሴን የማስታግስበት አንድ ነገር አለ። ቅርንጫፉ ላይ ተጨማዶ የደረቀው ፍሬ ይለቀም። ሳይወድቅ የቀረው ጠንክሮ አይደለም፤ ያበሰበሰው ፈንገስ ውስጡ ይከርምና አበባ ሲመጣ ብናኙን ይረጫል። መሬት ላይ የወደቀውም ይነሣ። ፖሙ ቅጠሉና ፍሬው ላይ ጥቁር እከክ አውጥቶ ከነበረ ቅጠሉም ይሰብሰብ፤ የእከኩ ፈንገስ የሚከርመው በወደቀው ቅጠል ላይ ነው። ከጤነኛ ዛፍ የረገፈውን ግን ለምን? የማውቀው አንድ ሰው ሁሉንም ሰብስቦ ካላቃጠለ እንቅልፍ አይወስደውም። ቅጠሉ ግን አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በሆነ የሽቦ አጥር ውስጥ ተከምሮ፣ እርጥበቱ ሳይለየው አንድ ሁለት ዓመት ቢቆይ ጥቁር፣ ልል፣ ውኃ የሚይዝ አፈር ይሆናል። ለኮምፖስት ከሆነ ከሁለት እስከ ሦስት እጅ ደረቅ ቅጠል ላይ አንድ እጅ እርጥብ አረንጓዴ ነገር ይበቃል። ከሸተተ ውኃው በዝቶ አየር አጥቷል ማለት ነው፤ ይገላበጥና ደረቅ ይጨመርበት።

ወደ ፒሩ ልመለስ። ደረሰ እና በሰለ ለየቅል መሆናቸውን እንደ ፒር የሚያስረዳ ፍሬ የለም። ዛፉ ላይ እስኪበስል ቢጠበቅ ከልቡ ወደ ውጭ ስለሚበስል፣ ላዩ ሲለሰልስ ውስጡ ቡናማ ሆኗል፤ ሥጋውም አሸዋ አሸዋ ይላል። ስለዚህ ጠንካራ ሳለ ይለቀማል። ፍሬውን በመዳፍ ይዞ አግድም እስኪሆን ቀና ማድረግ ነው፤ ግንጩ ከቅርንጫፉ በራሱ ከተላቀቀ ደርሷል፣ ከታገለ አልደረሰም። ግንጩ ከፍሬው ጋር ይቅር፤ ከተነቀለ ቦታው ቁስል ነው፣ ብስባሴም በዚያ ይገባል። ዘግይተው ከሚደርሱት ዓይነቶች ብዙዎቹ ተለቅመው እንኳ ብርድ ሳያዩ በደንብ አይበስሉም። ማቀዝቀዣ ውስጥ ጥቂት ሳምንት ይቆዩና ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ሙቀት ባለው ክፍል ይቀመጣሉ፤ በሳምንት ውስጥ ይለሰልሳሉ። የሚነካውም ሆዱ አይደለም፣ አንገቱ ነው፤ ግንጩ አጠገብ በአውራ ጣት ሲጫኑት እሺ ካለ በስሏል። ሆዱ እስኪለሰልስ የጠበቀ ሰው አልፎበታል።

ይህ ነገር ነው ጠዋቱን ሙሉ የያዘኝ። እኔ ብርዱ ሳይመጣ ልጨርስ ብዬ እራወጣለሁ፤ ፒሩ ደግሞ ብርዱን ይጠብቃል። ነጭ ሽንኩርትም እንደዚያው። አሁን ተተክሎ መሬቱ ሳይቀዘቅዝ ሥር ይሰዳል፤ ብርድ ካላገኘ ግን አይከፋፈልም፣ አንድ ድቡልቡል ሆኖ ይወጣል። የሽንኩርቱ ራስ የሚፈለቀቀው በሚተከልበት ዕለት ነው፤ እያንዳንዱ ፍንካች ልጣጩ እንዳለ፣ ሹሉ ወደ ላይ፣ 5 ሴንቲሜትር አፈር ለብሶ፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ተራርቆ። ትልልቁን ለመሬት ትንንሹን ለድስት። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርግና ራሱ አነሰብኝ ይላል።

ብርድ የማይወድ አለ ከተባለ ቲማቲም ነው። ከ10 ዲግሪ በታች ጣዕሙ ይሞታል፤ ስለዚህ ከውርጭ በፊት አረንጓዴው ይለቀም። መጠኑን ጨርሶ ነጣ ነጣ ያለው ቤት ውስጥ ይቀላል፤ ትንሹና ጠቆር ያለው ግን ቢጠብቁትም አይቀላም። መስኮት ላይ ፀሐይ ማስሞቅ ከንቱ ነው፤ የሚያቀላው ብርሃን አይደለም፣ ሙቀትና ፍሬው ራሱ የሚያወጣው ኤትሊን የሚባል ጋዝ ነው። አንድ የበሰለ ፖም አጠገቡ ቢቀመጥ ያፋጥነዋል። ያው ፖም ካሮት አጠገብ ከከረመ ግን ካሮቱን ያመርረዋል።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ዓይኔ ከፖሙ ላይ አልተነሣም። ወደ ውስጥ የዞረች፣ ከሌላዋ ጋር የምትፋተግ አንዲት ቅርንጫፍ አለች። የሞተች ትመስላለች። የሞተ ደግሞ በማንኛውም ጊዜ ይነሣል ብያለሁ። ማወቂያው ቀላል ነው፤ ቅርፊቷን በጥፍር ጫር ማድረግ። ከቅርፊቷ በታች ያለው አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ሕያው ናት፣ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ሞታለች።

ጫርኳት። አረንጓዴ ናት። ትንሽ ከፍ ብዬ ሌላ ቦታ ጫርኩ፤ እዚያም አረንጓዴ።

ሦስተኛ ቦታ የምፈልገው ለምንድን ነው?