ጨለማ ለሚፈሩ ልጆች የሥዕል መጽሐፍ እንዴት እንደሠራሁ

ደሴ ውስጥ ልጅን በጅብ ማስፈራራት አይከብድም፤ ጅቡ አለና። በተለይ ጦሳ ተራራ ሥር ባሉት ሰፈሮች ከመሸ በኋላ ድምፁ ይሰማል። ክረምት ሲሆን ጉሙ ደጃፉን ይሸፍናል፣ መብራትም ይጠፋል። በዚህ ላይ «ዝም ካላልክ ለአያ ጅቦ ነው የምሰጥህ» ሲባል ልጁ የማያምንበት ምክንያት የለውም። አፀደ ሕፃናት ስለማስተምር፣ ሌሊቱን በፍርሃት ያልተኛ ልጅ ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ሲያንቀላፋ አየዋለሁ። መጽሐፉን ለመሥራት የተነሣሁት ለእነዚህ ልጆች ነው።

ፒያሳ ከሚሸጡት የማገኛቸው የሕፃናት መጻሕፍት በአብዛኛው ፊደልና ቁጥር የሚያስቆጥሩ ወይም ምክር ያዘሉ ተረቶች ናቸው። ከውጭ የሚመጡት ሥዕላቸው ያምራል፤ ግን ልጁ የሚተኛው ብቻውን፣ በራሱ ክፍል ነው። የኔ ተማሪዎች የሚያድሩት አያታቸው ጉያ ውስጥ ነው።

ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ዕድሜ ልጅ ያሰበውና ያየው ገና በደንብ አይለይለትም። «ምንም የለም፣ ተኛ» ቢሉት አይሰማም፤ ለሱ አለ። ስለዚህ መጽሐፉ ልጁን እንዳይከራከረው፣ የፈራውን አብሮት እንዲያይ ወሰንኩ።

መጀመሪያ ልጆቹን «ማታ የሚያስፈራችሁን ሳሉልኝ» አልኳቸው። ጅብ በብዛት መጣ። አንዲት ልጅ ግን አንድ ረጅም ነገር ሳለች፤ ራስ የለው፣ እግር የለው። «ማነው?» ስላት «በር ኋላ ያለው ሰውዬ» አለችኝ። እናቷን ብጠይቃት ለካ ሚስማር ላይ የሚሰቀለው የአያቷ ጋቢ ነው። የመጽሐፉ ታሪክ በሙሉ ከዚያች ወረቀት ወጣ።

ቀጥሎ እናቶችንና አያቶችን ጠየቅኩ፤ ልጁ ሲፈራ ምን ይይዛል? የእናቱን ነጠላ ጫፍ፣ የአያቱን ጆሮ፣ ያረጀ ሹራብ። አንዷ እናት ነጠላዋን ማጠብ እንዳልቻለች ነገረችኝ፤ ጠረኗ ከለቀቀው ልጇ አይቀበለውም። እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ዶናልድ ዊኒኮት በ1951 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጽሑፍ የተነተነው እንዲህ ያለውን ነገር ነው፤ ልጁ ከእናቱ መለየትን የሚለማመድበት ዕቃ። «ትልቅ ሆነሃል፣ ጣለው» የሚሉ ወላጆች ሲያጋጥሙኝ አጥብቄ እከራከራቸዋለሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። አራት ኤ4 ወረቀት አንድ ላይ መሐል ለመሐል ሲታጠፍ 16 ገጽ ይወጣዋል። ወገቡን በመርፌና ክር ሰፋሁት፤ ስቴፕለር ይፈጥናል፣ ግን ሽቦው የልጅ ጣት ይወጋል። ጨለማውን ጠቆር ባለ ሰማያዊ ቀባሁት፤ በሩም አልጋውም በደብዛዛው እንዲታዩ።

ልፋቱ ያለው ገጹ በሚገለጥበት ቦታ ነው። ቀኝ ገጽ ላይ ራስ የሌለው ሰውዬ ቆሟል፤ ዓረፍተ ነገሩም ሳያልቅ ይቆማል፦ «እማማ ተነሣችና…»። ሲገለጥ አያት ጋቢውን ከሚስማሩ አውርዳ ልጅቷን ትጠቀልላታለች፤ «አብሽሪ የኔ ልጅ» ትላታለች። ጅቡን አላባረርኩትም፤ እስከ መጨረሻው ውጭ ይጮኻል። ማታ እውነተኛው ሲጮኽ መጽሐፉ የዋሸ እንዳይመስል ብዬ ነው። ጅብ በጩኸቱ ርቀው ካሉት የመንጋው አባላት ጋር ስለሚጠራራ፣ ሥዕሉ ሥር የጻፍኩት «ጅቡ ወንድሞቹን እየጠራ ነው» ብቻ ነው።

ጦርነቱን አላስገባሁም። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ያሳለፉትን የማያውቅ ቤተሰብ የለም። ያኔ የታዘሉት ሕፃናት ናቸው አፀደ ሕፃናት የገቡት። ነገሩን ባያስታውሱትም፣ ከባድ ድምፅ ሲሰማ እናታቸው ስትደነግጥ አይተው የሚደነግጡ አሉ። ለነሱ በረዶ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድበት ገጽ አለ፤ ድምፁ እየበረታ ይመጣል፣ ከዚያ ይቀንስና ያባራል። ለዚህ ዕድሜ ይህ ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

ማንበቡም የራሱ ጥበብ አለው። መጀመሪያ በቀን ነው የማነብላቸው፤ ገጹንም ልጁ ራሱ ይገልጠዋል። አንድ ልጅ ሰውዬው ገጽ ላይ ሲደርስ በመዳፉ ሸፈነው። ዝም ብዬ ጠበቅኩት። አንድ ጣቱን አነሣ፣ አጮለቀ፣ ከዚያ ገለጠና ሳቀ፤ «ድገሚልኝ» አለኝ። ደገምኩለት፣ አሁንም ደገምኩለት። የሚመጣውን እያወቀ መፍራት ለልጅ ትልቅ ነገር ነው። «አሁንስ ትፈራለህ?» ብዬ ግን አልጠይቅም፤ እኔን ደስ ለማሰኘት «አልፈራም» ይላል።

ለወላጆች ቅጂ ስሰጥ የመጨረሻውን ገጽ ባዶ እተወዋለሁ፤ ልጁ የሚያስፈራውን ይስልበታል። ከተመለሱልኝ ሥዕሎች መሐል መርፌ የያዘች ነርስ ስለበዛች ቀጣዩን መጽሐፍ በሷ ጀምሬያለሁ። መርፌው አይደበቅም። እናትየዋም ልጇን ጭኗ ላይ አቅፋ «አያምም» አትለውም፤ «ትንሽ ያምሃል፣ እኔ ይዤሃለሁ» ትለዋለች። ሥዕሉን አንዲት የማውቃት ነርስ እያየችልኝ ነው።