ከሐረር ወደ ኤረር ሸለቆ፣ ዝሆን ፍለጋ

ድሬዳዋ በሙቀቷ አላስቀምጥ ስላለችኝ ከዚራ ዛፎች ሥር አንድ ለስላሳ ጠጥቼ ወዲያው ሚኒባስ ያዝኩ። የደንገጎን ዳገት እንደጨረስን ተሳፋሪው ሁሉ መስኮት መዝጋት ጀመረ። ሐረር 1,885 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ለእኔ ለደብረ ብርሃን ልጅ ልክ ነው።

ማደሪያዬ ግን አናደደኝ። ውሃ ሁልጊዜ አለ ተብዬ ከፍዬ ስገባ ቧንቧው ጠብ አይልም። ምሽት 3 ሰዓት ላይ አንድ ባልዲ አመጡልኝ። ከታች ያለው ሙዚቃ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት አላባራም፤ 11 ሰዓት ላይ ለሚነሳ እንግዳ ይህ ግፍ ነው። ያካሱኝ የጥበቃው አባባ ናቸው። በከሰል ቅርንፉድ የገባበት ሻይ አፍልተው ጠበቁኝ። «በባዶ ሆድህ ዝሆን ፍለጋ አትሄድም፣ ልጄ» ብለው ከራሳቸው ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። ገንዘብ ስዘረጋላቸው ተቆጡ።

ሐረር የሚመጣ ሰው ጀጎልን ዞሮ፣ ማታ ጅብ ሲበላ አይቶ ይመለሳል። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ከተማ ናትና አይፈረድበትም። እኔም ሁለቱንም አይቻለሁ፤ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ እዚሁ አፍንጫዋ ሥር ነው። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመ፣ ወደ 7,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፍራ ነው። ይህን ሳያዩ መመለስ ያስቆጫል።

መኪናውን በ6,000 ብር ተስማምቼ ነበር የያዝኩት። ኤረር ሸለቆ ስንደርስ ስካውቱ (የመጠለያው ጠባቂ) ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን በእግር ገባን። እዚህ እንደ ሜዳ ፓርክ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ማየት የለም፤ ግራርና ቁልቋሉ ሰው ይውጣል። ስካውቱ የዝሆን ፋንድያ ሲያገኝ ተቀምጦ በእንጨት ከፈለው። ውስጡ የቁልቋል ፍሬ ዘር ሞልቶበታል፤ መዳፌን ሳስጠጋው ይሞቃል። «ቅርብ ናቸው» አለኝና አፈር በትኖ ነፋሱን አየ። ከነፋሱ በታች ሆነን ብዙ ተጓዝን፤ እሾኹ ሸሚዜን በጣጠሰው። ከዚያ ቅርንጫፍ ሲሰበር ሰማን። መጀመሪያ ያየሁት ጆሮ ነው፤ ሲወዛወዝ ከቁልቋሉ በላይ ብቅ ጥልቅ ይላል። ቀጥሎ አቧራ የለበሰ ጀርባ፣ ከሥሩም ግልገሏ። ስካውቱ ክንዴን ጨምድዶ ይዞኝ ነበር። ጥቂት አይተን ወደ ኋላችን ተመለስን፤ እናት ዝሆን አይቀለድባትም።

በመመለሻው ስለ አርሶ አደሩ አጫወተኝ። ዝሆን ማሽላ ውስጥ አንድ ሌሊት ከገባ የዓመት ቀለብ ይጠፋል። ሰውም እርሻ ፍለጋ ወደ ሸለቆው እየዘለቀ ነው። ሁለቱም የሚጠጡት ከእነዚያው ወንዞች፣ ከኤረርና ከጎበሌ ነው። ለዚህ ነው ጎብኚው ሐረር ላይ ሌላ ሌሊት ጨምሮ ይደር የምለው። ከዝሆኖቹ አካባቢው ካልተጠቀመ፣ ማሽላው ለተበላበት ሰው ጠብቃቸው ብሎ መምከር ይከብዳል።

ባቢሌ ከተማ ለምሳ ስንቆም ሾፌሩ «መንገዱ አስቸጋሪ ነው» ብሎ 2,000 ብር ጭማሪ ጠየቀኝ። መንገዱን ሲስማማ ያውቀዋል! ስንጨቃጨቅ ለውዝ የምትሸጥ እናት ከመደብዋ ተነሳች።

«አቦ ተው! እንግዳ እንዲህ ይደረጋል? ወላሂ ነውር ነው!»

ሾፌሩ ዝም አለ። እሷው ዳኛ ሆና 500 ብር ፈረደችለት፤ ከፈልኩ። ከእሷም ሁለት ኪሎ ለውዝ ገዛሁ፤ አንድ እፍኝ መረቀችልኝ። ሐረር የገባነው 11 ሰዓት ሳይሆን ነው፤ በሸዋ በር በኩል ወርጄ ያን ምሽት ሌላ ማደሪያ ያዝኩ፤ ቧንቧውን ከፍቼ ሳላይ ግን አልከፈልኩም።